ከቀይ ሥር ተቆርጦ ስለሚጣለው ቅጠል



በመካነ ሰላም ገበያ ቀይ ሥር የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሻጯን ቅጠሉን ቆርጣ እንድታስቀርለት ይጠይቃታል፤ ቅጠሉም ለበግ ይሆናል። ያው ሰው ጥቂት እርምጃ አልፎ አንድ እስር ቆስጣ ይገዛል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ቆስጣና ቀይ ሥር ግን በዕፅዋት ሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም ቤታ ቩልጋሪስ ይባላሉ። አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለሥሩ ሲል መርጦ ያራባው ገበሬ ነው።

መቶ ግራም ጥሬ የቀይ ሥር ቅጠል 2.6 ሚሊ ግራም ያህል ብረትና 117 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል፤ በሥሩ ውስጥ ያለው 0.8 እና 16 ብቻ ነው። ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ካሮቲንማ በሥሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ቅጠል ብቻውን መቀንጨርን አያስቀርም። ሆኖም በእጃችን ያለውን ምግብ እየጣልን ስለ እጥረት መናገር ይከብደኛል።

ስለምን እንንቀዋለን? በመስቀል ሰሞን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ቅጠል የክረምት ማለፊያ፣ የችግር ጊዜ ምግብ ሆኖ በአእምሯችን ተቀርጿል።

ለቅጠሉ ጥብቅና ስቆም ጉድለቱን ልደብቅ አይገባኝም። ቆስጣም የቀይ ሥር ቅጠልም ኦክሳሌት ይበዛባቸዋል፤ እርሱም ካልሲየሙን አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው አሁን ከጠቀስሁት ቁጥር እጅግ ያነሰ ነው። ለካልሲየም ጎመን ይበልጣል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰውም ሐኪሙን ያማክር። ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ኦክሳሌቱን ይቀንሳል፤ ቫይታሚን ሲውን ግን አብሮ ይወስዳል።

ስትመርጡ ለጋውንና ያልጠወለገውን ምረጡ። ቤት እንደ ደረሳችሁ ቅጠሉን ከሥሩ ለዩት፤ አለዚያ የሥሩን እርጥበት ይስባል። በሽንኩርትና በዘይት ቢሠራ ካሮቲኑ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል። ከምድጃ ከወረደ በኋላ ጠብ የሚደረግበት ሎሚ ብረቱን ያግዘዋል። ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ብናዘገየው መልካም ነው፤ ይህን ወሎ ላይ ቆሞ መናገር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

የቀረውን በጥያቄዎቻችሁ እንወያይበት።