ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ቤንዚን ሽታና ስለ ሞተር መብራት

በማኅበራችን አዳራሽ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በተዘጋጀው የምሽት ስብሰባ ላይ፣ በመኪና ጥገና ሙያ የተሰማራ አንድ ወገናችን ንግግር አድርጎ ነበር። ንግግሩ በጽሑፍ እንዲወጣላችሁ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ እነሆ አቅርበነዋል።



ለአንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብ የመጀመሪያውን መኪና መግዛት ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ሩቅ ነው፤ የልጆቹ መዋያ በሌላ በኩል ነው፤ ዘመድ ያለው በሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ ከደመወዝ ላይ ተቆጥቦ አሮጌ መኪና ይገዛል። አሮጌ መኪና ደግሞ አንድ ቀን ይሸታል፣ መብራትም ያበራል። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያን ቀን ምን ማድረግ እንደሚገባችሁ ነው።

በአንድ ምሳሌ ልጀምር። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወገናችን ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ወደምሠራበት ሙሳኽ መጣ። ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። «መብራቱ እያስጨነቀኝ ሸፈንኩት» አለኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ ሄዷል። አንዱ የነዳጁን ክዳን ቀየረለት፤ ሁለተኛው አንድ ቫልቭ ቀየረለት። ሁለቱንም ከፈለ፤ መብራቱ ግን ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ በራ።

ኮፈኑን ልከፍት ስል ባለቤቱ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ስለ መኪና አላውቅም። ነገር ግን ቤንዚን ሞልተን የተጓዝን ዕለት ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ነዳጁ ሲጎድል ሽታው ይጠፋል» አለች። ኮፈኑን ተውኩትና የኋላውን መቀመጫ አነሳሁ። በብዙ መኪኖች የነዳጁ ፓምፕ ያለው ከዚያ ሥር ነው። የፓምፑ ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲኩ ማሸጊያ፣ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሰልባትዮው ሲሞላ ቤንዚኑ እስከዚያ ይደርስና ልጆቹ ከተቀመጡበት ሥር ያዣል። ሁለት ጋራዦች በመሣሪያ ያላገኙትን ነገር እናትየዋ በአፍንጫዋ አግኝታው ነበር፤ ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው ቁም ነገር ይህ ነው። ሽታው መቼና ከየት እንደሚመጣ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያንን አስተውላችሁ ለባለሙያው ብትነግሩት፣ ገንዘባችሁንም ሕይወታችሁንም ታድናላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ መብራቱ ልናገር። ቀይ መብራት፣ ለምሳሌ የዘይት ወይም የሞተር ሙቀት ምልክት፣ «አሁኑኑ ቁም» ማለት ነው። የሞተር ቅርጽ ያለው ብጫ መብራት ግን ሁለት ዓይነት ንግግር አለው። ሳይጠፋ ጸንቶ ከበራ፣ መኪናው ሽታ ከሌለውና በደንብ ከሄደ፣ ቀስ ብሎ ነድቶ በሚቀጥሉት ቀናት ማስመርመር ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለና ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ግን ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። እዚያ ያለው የጭስ ማጣሪያ ከመጠን በላይ ይግልና ይበላሻል፤ ዋጋውም ከብዙ ዕቃ ይበልጣል። እንዲህ ያለ የጋለ መኪና በበጋ በደረቅ ሣር ላይ ከቆመ ሣሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ፍጥነት ቀንሳችሁ ደህና ቦታ ላይ ቁሙ።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱም ይህን አስታውሱ። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የሞተሩ መብራት መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። ከመጀመሪያውም ካልበራ ምናልባት አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ምናልባትም ሻጩ ሆን ብሎ አጥፍቶታል። ምክንያቱን ሳታውቁ አትፈርሙ።

ሁለተኛው ስለ ሽታው ነው። ሽታው የበሽታው ምልክት ነውና አትናቁት። ቤንዚን ውኃ በሚረጋበት ብርድ እንኳ እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ በንኖ ወደ ላይ በመሄድ ፈንታ ወለል ለወለል ይተኛል፤ አንዲት የእሳት ብልጭታም ትበቃዋለች። መኪናው ውስጥ ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ከመጣ፣ ወይም ከመኪናው ሥር ጠብታ ካያችሁ፣ እንዲህ አድርጉ።

ወደ መንገዱ ዳር ውጡና ሞተሩን አጥፉ። ማንም ሲጋራ አይለኩስ። ልጆቹን ከመንገዱ በተቃራኒው በር አውጡ፤ በሕጉ መሠረት መኪና ውስጥ የሚቀመጠውን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልበሱ፤ ሁላችሁም ከመንገዱ አጥር ጀርባ ርቃችሁ ቁሙ። ከራቃችሁ በኋላ ስልክ ደውሉ። የእሳት አደጋ 102፣ አምቡላንስ 101፣ ፖሊስ 100 ነው። ጭስ ወይም እሳት ካያችሁ ኮፈኑን አትክፈቱ፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይጎለብታል። «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁም ሞተሩን እንደገና አታስነሱ። መኪናው በግራር ይወሰድ። እኛ ግራር ስንል ዛፉን ነው፤ እዚህ አገር ግን ግራር ማለት የተበላሸ መኪና የሚጎትተው መኪና ነው።

ሽታው ቀላል ከሆነና ጠብታ ከሌለ ግን አስተውሉ። ሽታው የሚመጣበት ጊዜ ወደ ምክንያቱ ይመራል።

ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላ ወዲያው የሚመጣ ከሆነ ክዳኑን እዩ። በደንብ ተጠምዟል? ጎሚኒው ተሰነጣጥቋል? የመቅጃው ቧንቧ «ቀጭ» ብሎ ሲቆም ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ የምትሞሉ ከሆነም ይህን ልማድ ተዉት። በመኪናው ውስጥ የቤንዚኑን እንፋሎት የሚይዝ ከሰል የተሞላ ጣሳ አለ። ሰልባትዮው ከልክ በላይ ሲሞላ ቤንዚኑ ራሱ ወደ ጣሳው ይገባና ያበላሸዋል።

ሰልባትዮው ሲሞላ ከኋላ የሚሸት፣ ሲጎድል የሚጠፋ ከሆነ፣ እንደዚያች እናት መኪና የፓምፑ ማሸጊያ ወይም የመሙያው ቱቦ ይጠረጠራል።

ጠዋት በብርድ ሲነሳ ከፊት የሚሸትና ሞተሩ ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ ከኮፈኑ ሥር ያሉት የነዳጅ ቱቦዎች መገጣጠሚያ ወይም የኢንጀክተሮቹ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ሲበርደው ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ያዣል። ማራገቢያው አየር የሚስበው ከፊት መስተዋቱ ግርጌ ስለሆነ፣ የሞተሩ ሽታ በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከጋለ ሞተር አጠገብ የሚያዣ ቤንዚን በመሆኑ፣ ትንሽ ነው ተብሎ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ሽታው ከጭስ ማውጫው ከሆነ፣ ጭሱም ከጠቆረ፣ ነዳጁም ቶሎ ቶሎ ካለቀ፣ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየጠጣ ነው። ሞተሩ ከተንቀጠቀጠና መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንዴላው ወይም ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ኮይል ነው። የሞተሩን ዘይት ስትለኩ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏልና ሳይመረመር ረጅም መንገድ አትሂዱበት።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። እኛ ናፍጣ የምንለው እዚህ ሶላር ይባላል። በናፍጣ መኪና ቤንዚን ከቀዳችሁ ሞተሩን ፈጽሞ አታስነሱ፤ ሳይነሳ ማስቀዳት ከሞተር ጥገና ይረክሳል።

ሦስተኛው ስለ ኮምፒዩተሩ ምርመራ ነው። ከመሪው ሥር አካባቢ የምርመራ መሣሪያ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። በአሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ከ1996 ጀምሮ፣ በአውሮፓ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ይህ በደንብ የታዘዘ ነው። መሣሪያው «ፒ» የሚል ፊደልና አራት ቁጥር ያወጣል። ፒ0455 ማለት የቤንዚን እንፋሎት በብዛት ያመልጣል ማለት ነው። ፒ0172 ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ፒ0301 በአንደኛው ሲሊንደር ቤንዚኑ በትክክል አልተቃጠለም ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ችግሩን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም። ፒ0172 ሲያይ ቶሎ ብሎ የኦክስጅን ሴንሰሩን የሚቀይር አለ። ሴንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ምስክር ነው፤ «ቤንዚን በዝቷል» ብሎ እውነቱን በመናገሩ ይቀጣል። ጥፋተኛው የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። የዚያ ወገናችን መኪናም ያወጣው ቁጥር ፒ0455 ነበር። ክዳኑ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆኑ ትክክል ነው፤ መፈተሽም አለበት። ነገር ግን ክዳኑ ከተቀየረ በኋላ መብራቱ ሲመለስ ሁለተኛ ዕቃ በግምት መቀየር የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ነው። እንፋሎት የሚያመልጥበትን ቦታ ጭስ ነፍቶ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ «በእርሱ ተፈትሿል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንዲህ ያለውን የእንፋሎት ማምለጥ ራሱ ፈትሾ መብራት የሚያበራው በተለይ በአሜሪካ ደንብ የተሠራ መኪና ነው። በአውሮፓ ደንብ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ይህ ፍተሻ የላቸውም። ስለዚህ «መብራት አልበራም» ማለት «ነዳጅ አያፈስም» ማለት አይደለም። ሽታ ካለ፣ መብራት ባይበራም ሂዱ። በሌላ በኩል ክዳኑን አጥብቃችሁ መብራቱ ወዲያው ባይጠፋ አትደንግጡ፤ ኮምፒዩተሩ ራሱን እስኪፈትሽ ጥቂት ቀን መንዳት ሊጠይቅ ይችላል። መብራቱን ለማጥፋት ብላችሁ ግን ባትሪውን አትንቀሉ፤ ባለሙያው ሊያነበው የሚገባውን ማስረጃ ታጠፋላችሁ።

በመጨረሻ ሙሳኽ ስትሄዱ ምን ትላላችሁ? ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ለአስተርጓሚነት ይዘው ይመጣሉ። ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ስለ ገንዘብ ክርክርም እርሱ ላይ ይወድቃል። እነዚህን ጥቂት ቃላት ከያዛችሁ ብዙውን ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። «ዬሽ ሬያኽ ሼል ዴሌክ» ማለት የነዳጅ ሽታ አለ ማለት ነው። «ኑራት ማኖዓ ዶሌኬት» የሞተር መብራት በርቷል፤ «ነዚላ» ማፍሰስ፤ «ብዲካት ማኽሼቭ» የኮምፒዩተር ምርመራ፤ «ሃጻዓት ሜኺር» የዋጋ ግምት ነው። ከዚህ በኋላ ሽታው መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ በጣታችሁም ቢሆን አሳዩ።

ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሙሳኹ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው? ሁለተኛ፣ የወጣው ቁጥር ስንት ነው፣ ዕቃው መበላሸቱስ በምን ተረጋገጠ? ቁጥሩን በወረቀት አስጽፉ። ሦስተኛ፣ ዋጋው ስንት ነው? እርሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ሥራው ሲያልቅ የተነሳውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በሉ፤ ኼሽቦኒቱን፣ ማለትም የክፍያውን ደረሰኝ፣ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። መጠየቅ ነውር አይደለም። እንግዳ መስለን እንዳንታይ ብለን ዝም የምንለው ብዙ ጊዜ በራሳችን ኪሳራ ነው።

የዚያ ቤተሰብ መኪና የተሠራው ማሸጊያውን በመቀየር ነው። ፕላስተሩን አባትየው ራሱ ላጠው። ባለቤቱን ግን ከመሄዳቸው በፊት፣ «እትዬ፣ መኪናውን የመረመርሽው አንቺ ነሽ» አልኳት። ሳቀችና፣ «ታዲያ ሒሳቡን ለእኔ ነዋ የምትከፍለው» አለችኝ።

እናንተም ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዙሩት፤ መሬቱን እዩ፤ አሽትቱ። ከዚያ ቁልፉን አዙራችሁ መብራቶቹ ሲበሩና ሲጠፉ ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቻችሁ ናቸውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።