ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለሚያፈስ የነዳጅ ታንክና ስለማይደርሰን የአምራቾች ጥሪ

(በትክል ድንጋይ ከተማ ለባለመኪናዎች፣ ለሾፌሮችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም ከመኪና ሆድ ሥር ጠብ ስለምትል ነዳጅ ነው። ነገሩ ግን ከጠብታዋ የሰፋ ነው። መኪናውን የሠራው ኩባንያ ጉድለት ባገኘ ጊዜ ባለንብረቱን ጠርቶ በነፃ የሚጠግንበት ሥርዓት በዓለም ላይ አለ፤ ያ ሥርዓት ግን እዚህ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የቀረው ሥራ በማን ላይ እንደሚወድቅ አብረን እንድናስብ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ በሦስተኛ እጅ የገዛት፣ ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ያለፈ የቤንዚን መኪና ነበረችው። ታንኳ፣ እናንተ ሰልባትዮ የምትሉት ማለቴ ነው፣ ከሥሩ ዝጎ ያፈስ ነበር። አጎቴ ለብዙ ወራት በልብስ ሳሙና እየደፈነ ሲነዳት ቆየ። እኔ ለእረፍት በመጣሁ ጊዜ «አንተ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ? እስቲ አንድ ነገር አድርግላት» አለኝ። ታንኩን ፈታሁት፤ ቤንዚኑን ገለበጥኩት፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና ወደ በያጁ ወሰድኩት። በያጁ ጠንቃቃ ሰው ነበረና «ታጥቧል ወይ ኢንጂነር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ባዶ ነው» አልኩት። የጠየቀኝ ሌላ፣ የመለስኩለት ሌላ። ሰውየው የእኔን ትምህርት አምኖ እሳቱን ለኮሰ። ታንኩ እንደ መድፍ ጮኸ። በያጁ ዳነ፤ ታንኩን ይዞለት የነበረው ረዳቱ ልጅ ግን ቀኝ እጁና ጉንጩ ተቃጠለ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ባገኘሁት ቁጥር «ደኅና ነኝ ጋሼ» ይለኛል። እኔ ግን ደኅና ነኝ ማለት ይቸግረኛል።

ለመሆኑ ባዶ ታንክ ለምን ይፈነዳል? ቤንዚን ፈሳሹ አይደለም የሚነደው፤ እንፋሎቱ ነው። እንፋሎቱም የሚነደው ከአየር ጋር በልክ ሲደባለቅ ነው፤ ልኩም ከመቶ 1.4 እጅ እስከ 7.6 እጅ ግድም ነው። በሞላ ታንክ ውስጥ እንፋሎቱ ከልክ በላይ ስለሚበዛ አየር ያጥረዋል። የተገለበጠው ታንክ ግን አየር ገብቶበታል፤ በግድግዳውና በስፌቱ ላይ ደግሞ ጥቂት ቤንዚን ቀርቶበታል። በ60 ሊትር ታንክ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ቢተን ድብልቁ በትክክል በዚያ ልክ መካከል ይወድቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ተረፍ ያለውን ያተነዋል እንጂ ከታንኩ አያስወጣውም፤ የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ እታች ተኝቶ ይቀራልና። ስለዚህ በጋራዥ ውስጥ «ባዶ ነው» የሚለው ቃል የደኅንነት ምስክር ሆኖ መቆጠር የለበትም። ናፍጣ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ነገር ግን የብየዳ ሙቀት ሲነካው እሱም ይተንና ይፈነዳል።

አሁን ደግሞ ወደ መንገዳችን እንምጣ። ትክል ድንጋይ ከጎንደር ወደ ሳንጃና ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ ሑመራ ግን 600 ሜትር ግድም ላይ ነች። በጎንደር ብርድ ማለዳ እስከ አፉ የተሞላ ታንክ ከሰዓት በኋላ ቆላ ሲደርስ በ25 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 60 ሊትሩ ቤንዚን አንድ ሊትር ተኩል ሊጠጋ በሚችል መጠን ያብጣል። ይህ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል፤ የዛገ ስፌት ካለ በዚያ ይወጣል። የታንኩ መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ታንኩ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይነፋል። ላሜራ ሲጨመደድና ሲነፋ ከርሞ መሰንጠቁ የማይቀር ነው። በዚህ ላይ የኮረኮንች ድንጋይ ከሥር ይመታዋል፤ ማሰሪያው ይላላል፤ በክረምት ጭቃ ከታንኩና ከማሰሪያው መካከል ገብቶ እርጥበት ይዞ ይቆይና ብረቱን ይበላዋል።

አንዳንዱ «አንድ ጠብታ ምን ታመጣለች?» ይላል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ብትወርድ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ከ2 ሊትር በላይ ነው። ገንዘቡን ባለንብረቱ ያስላው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መኪናው ሌሊት በተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ ከቡና ምድጃ አጠገብ ሲያድር ነው። ሳሙናም ቢሆን ለጊዜው መያዙን አልክድም፤ ቤንዚን ሳሙናን ቶሎ አያሟሟውምና። ነገር ግን የዝናብ ውሃ በአንድ ጉዞ ያጥበዋል። ስለዚህ ሳሙና ጋራዥ እስክንደርስ የሚያቆይ ነው እንጂ ጥገና አይባልም።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርኩት ዕድሜና መንገድ ስለሚያመጡት ጉድለት ነው። ከፋብሪካው ጀምሮ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ጉድለትም አለ። ለዚህ ነው ፈረንጆች ሪኮል የሚሉት፣ እኛ የመልሶ ጥሪ ልንለው የምንችለው ሥርዓት የተፈጠረው። በአሜሪካ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1978 ፎርድ ኩባንያ ፒንቶ የተባለችውን መኪና ጨምሮ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል መኪናዎችን ጠራ፤ ታንካቸው ከኋላ አክስል በስተኋላ ተቀምጦ ስለነበረ ከኋላ ሲገጩ ቤንዚኑ ይፈስና ይቀጣጠል ነበር። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2016 ቶዮታ 2.87 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪናዎችን የጠራው የቤንዚን ትነት የሚይዘው ዕቃ ተሰንጥቆ ነዳጅ ሊያፈስ ስለሚችል ነበር። ትልልቅ ኩባንያዎችም ይሳሳታሉ ማለት ነው፤ ስሕተታቸውን አምነው መጥራታቸው ግን የሚመሰገን ነው።

ሆኖም ጥሪ ሁሉ ሁሉንም አይጠራም። ይህን በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1987 የሠራቸው የጭነት ፒክአፖች ታንካቸው ከሻንሲው ውጪ በጎን በኩል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ጉድለት ነው ብሎ ከተከራከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ኩባንያው ለደኅንነት ሥራ ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ፤ መኪናዎቹ ግን አልተጠሩም። እንደዚሁ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ መንግሥት በታንካቸው አቀማመጥ ምክንያት 2.7 ሚሊዮን ጂፖች እንዲጠሩ ጠየቀ። ክራይስለር መጀመሪያ እምቢ ካለ በኋላ 1.56 ሚሊዮን የሚሆኑትን ጠራ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 የተሠሩት ግራንድ ቼሮኪዎች ከጥሪው ወጥተው ምርመራ ብቻ ተፈቀደላቸው። የመኪናው ስም አንድ፣ ታንኩ የተቀመጠበትም ስፍራ ከኋላ ሆኖ ሳለ፣ በሥሪት ዓመቱ ምክንያት አንዱ ባለንብረት ተጠራ፤ ሌላው ቀረ።

የእኛ አገር ባለመኪና ደግሞ ከዚህ የበለጠ ብዙ በር ይዘጋበታል። የመጀመሪያው በር ዕድሜ ነው። በአሜሪካ ሕግ አምራቹ በነፃ እንዲጠግን የሚገደደው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት እስኪሆነው ብቻ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ግን 15 ዓመት የመኪና ጉልምስና ነው። ሁለተኛው በር አገር ነው፤ የአንድ አገር ጥሪ የሚያስገድደው በዚያው አገር ውስጥ ነው። ሦስተኛው በር አድራሻ ነው። የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው በመዝገብ ላይ ላለው ባለንብረት ነው። መኪናው ተሸጦ በመርከብ ሲጓዝ ደብዳቤው በቀድሞው ጌታ ቤት ይቀራል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ወደ ውጪ አገር ተሽጠዋል፤ ከእነዚህም 40 ከመቶው የመጡት ወደ አፍሪካ ነው። ስንቱ ደብዳቤ ከስንቱ መኪና እንደተለያየ ገምቱት።

የእኔ አጎት ከአደጋው በኋላ የመኪናዋን ሊብሬ ይዞ አንድ መኪና ሻጭ ድርጅት ዘንድ ሄዶ ነበር። «ይህች መኪና በእኛ በኩል የገባች አይደለችም፤ ከመዝገባችን የለችም» አሉት። እንደ ደንባቸው ልክ ይሆናሉ። ሽማግሌው ግን የጠየቀው ገንዘብ አልነበረም፤ ጉድለቱ ከፋብሪካ ይሁን ከዝገት የሚነግረው ሰው ነበር የፈለገው። ያንን የሚነግረው ሰው አላገኘም።

በሕጋችንስ? የሕግ ባለሙያ ባልሆንም በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንም ሊያነበው ይችላል። በቁጥር 2085 መሠረት ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በደንቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከሆነ ግን ኀላፊነት የለበትም። በቁጥር 2081 ደግሞ የመኪና ባለንብረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ የሚታየን ይህ ነው፤ አምራቹ ሩቅ ነው፤ ባለንብረቱ ቅርብ ነው፤ የቤንዚን ሽታ ደግሞ ማንም ሊያውቀው የሚችል ምልክት ነው። ሽታውን እያወቀ የነዳ ሰው ነገ ከፍርድ ቤት ቆሞ «አላወቅሁም» ለማለት ይቸገራል።

ጉዳዩ ወደፊት እየቀለለ የሚሄድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ዓላማቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ዛሬ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና ምትኩ ውድ ስለሆነ ከበፊቱ የበለጠ ዕድሜ እንዲያገለግል ይገደዳል። ታንኩም አብሮት ያረጃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ የማቀርበው ጥቂት ነገር ነው።

ባለመኪናዎች፣ የሻንሲ ቁጥራችሁን ጻፉና ያዙ። አምራቾች በኢንተርኔት በነፃ የሚያሳዩት መዝገብ አለ፤ የአሜሪካ መንግሥትም እንዲሁ። 17 ፊደልና አኀዝ ያለው ቁጥር በእነዚህ ይፈለጋል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ቁጥራቸው አጭር ስለሆነ በጃፓን በሚገኘው የአምራቹ መዝገብ ነው የሚፈለጉት። ልጆቻችሁ በስልካቸው በአምስት ደቂቃ ያዩላችኋል። ጥሪው በነፃ ባያስጠግናችሁ እንኳ የትኛው ዕቃ እንደሚሰነጠቅ ይነግራችኋል፤ እሱ ራሱ ግማሽ ጥገና ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱም ታንኩን እስከ አፉ አትሙሉት።

የጋራዥ ባለሙያዎች፣ መኪና ለሌላ ሥራ ከፍ ባለ ቁጥር የታንኩን ስፌት፣ ማሰሪያና የጎማ ቱቦ እዩ። የፕላስቲክ ታንክ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የብረቱንም ቢሆን መለወጥ ከተቻለ መለወጥ ይሻላል። ካልተቻለ ተፈትቶ በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ፤ ከዚያም ብየዳው ከሚያርፍበት ቦታ በታች ድረስ ውሃ ይሞላበት፤ የእንፋሎቱ መውጫ ክፍት ይሁን፤ ያን ጊዜም ቢሆን ረዳቶች ይራቁ። ታንኩን ያመጣው ሰው መሐንዲስ ቢሆንም በቃሉ አትመኑ፤ እጃችሁ ያጠበውን ብቻ እመኑ።

ዓመታዊ ምርመራ አድርጋችሁ ቦሎ የምትሰጡ ባለሙያዎች፣ ፍሬንና መብራት እንደምታዩ ሁሉ አጎንብሳችሁ ታንኩን እዩልን። ለእኛ ለመሐንዲሶች ማኅበር ደግሞ የምለው አለኝ። በአገራችን የበዙትን የመኪና ዓይነቶች የነዳጅ ጉድለት ጥሪዎች በአማርኛ አጠናቅረን በየዓመቱ ብናወጣና በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ፣ መንገድ ላይ የቀረው ደብዳቤ በእኛ እጅ ሊደርስ ይችላል። ወጪው የወረቀት ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እኔ ቅጠሉን ይዤ የመጣሁት አንድ ልጅ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ያ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ይህን እንድናገር የፈቀደልኝም እሱ ነው። ከንግግሩ በኋላ ታንክ እንዴት እንደሚታጠብ ከውጪ በር ላይ የሚያሳያችሁ እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ሳትበተኑ እንድትከተሉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።