ስምሽ በጋዜጣ ይወጣል፦ ከማኒላ የሥራ ዓመታት

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ውጭ አገር ሥራ ንገሪን» ሲለኝ፣ እኔም መልሼ «ስለ የትኛው ውጭ?» አልኩ። እኛ ዘንድ ውጭ ማለት ወይ አሜሪካ ነው ወይ ዓረብ አገር። እኔ የሄድኩት ከሁለቱም ወደማይመደብ ቦታ፣ ወደ ፊሊፒንስ ነው። እናቴማ እስክመለስ ድረስ ለጎረቤት «ቻይና ናት» ስትል ነበር፤ ማስረዳቱ ስለሚያደክም እኔም ተውኩት።

ለምን ማኒላ? እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የእስያ ልማት ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓስፊክ ቢሮም እዚያው ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ሎስ ባኞስ ላይ ደግሞ፣ እዚህ ያላችሁ የግብርና ሰዎች በደንብ የምታውቁት ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ አለ። በእነዚህ ዙሪያ ፕሮጀክት የሚገመግሙ አማካሪ ድርጅቶች እንደ አሸን ፈልተዋል። እኔም ከአንዱ ጋር ተዋውዬ አራት ዓመት ተኩል ሠራሁ። የድርጅቱን ስም ተዉት።

ስለ አገሩ ብዙ አልልም። ከ7,600 በላይ ደሴቶች፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ከእኛ በአምስት ሰዓት የሚቀድም ሰዓት፤ እንግሊዝኛውም የሥራ ቋንቋ ነው። ሙቀቱን ትለምዱታላችሁ። ዝናቡን ግን አትለምዱትም። አውሎ ነፋሱ በቁጥር እየተለካ ይታወጃል፤ ልጆቻችን ቁጥሩ ከፍ ሲል ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ ከገባቸው በኋላ ማታ ማታ ዜና የሚከታተሉት እነሱ ሆኑ።

ወደ ወረቀቱ ልግባ፤ ብዙ ነገር የገባኝ ከወረቀቱ ነውና። የውጭ ዜጋ እዚያ አገር ተቀጥሮ ለመሥራት መጀመሪያ ከሠራተኛ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ሲገባ የአመልካቹ ስም፣ የሥራ መደቡና የቀጣሪው ስም በጋዜጣ ይወጣል። አብሮትም ይህን ሥራ ለመሥራት ችሎታውም ፈቃዱም ያለው ሰው በአገር ውስጥ ካለ ተቃውሞውን ያቅርብ የሚል ማሳሰቢያ ይታተማል። ቀጣሪዬ የጋዜጣውን ቅጂ ሲልክልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስሜ፣ ከጎኑ «ኢትዮጵያዊት»፣ ከዚያ መደቡ።

ለምን ሦስት ጊዜ አነበብሽው ትሉኝ ይሆናል። እዚህ አዲስ አበባ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ውስጥ አሥር ዓመት «ናሽናል ስታፍ» ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ቃል ሲሰማ የሚስቅ ሁሉ የሠራበት ነው። ከውጭ የሚመጣው አለቃ ሥራውን ከእኛ ይለምዳል፣ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ ይሸኛል፣ ሌላው ይመጣል። በአሥር ዓመት ውስጥ «ይህን ሥራ አንቺ ትችይዋለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንግዲህ አሁን በሰው አገር እኔ ራሴ ከውጭ የመጣው አለቃ ልሆን ነው፤ ያም አገር ቢያንስ በጋዜጣ ዜጎቹን ይጠይቃል። ማንም አልተቃወመም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ባልደረባ ነበረችኝ። ቢሮው በሙሉ «አቴ» ይላታል፤ እትዬ እንደማለት ነው። ወንድ ከሆነ «ኩያ» ነው፣ ጋሼ ማለት። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ደግሞ «ፖ» የምትባል ቃል አለች፤ እኛ በ«አንቱ» የምንለውን እነሱ በዚህች አንድ ፊደል ይጨርሱታል። ምግብ እየበላ ሰው ካለፈ «ካይን ታዮ» ይባላል። ትርጉሙ «እንብላ» ነው፤ አጠራሩም፣ አለመቀበሉም፣ ሁለተኛ መለመኑም ቁርጥ የኛን ነው። ይሉኝታንም «ሂያ» ይሉታል። በዚህ ረገድ ፈረንጅ ባልደረቦቼ ሦስት ወር የፈጀባቸውን ነገር እኔ በሦስት ቀን ያዝኩት። ስብሰባ ላይ «እሺ» የተባለ ነገር ሁሉ እሺ አለመሆኑን ለኢትዮጵያዊ ማን ያስተምረዋል!

አቴ ማስተርሷን የያዘችው ከፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቁጥር ላይ ከእኔ ትሻላለች፤ ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ደመወዟ የኔን ሲሶ አይሞላም ነበር። እዚያ ደመወዝ በ15 እና በ30 ለሁለት ተከፍሎ ይገባል። ከመግባቱ በፊት ያሉትን ቀናት «ፔትሳ ደ ፔሊግሮ»፣ የአደጋ ቀን ይሏቸዋል። በነዚያ ቀናት አቴ ምሳዋን ከቤት ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ደግሞ ከታች ካለው ሬስቶራንት አዝዛለሁ። አንድ ቀን «እኔ እኮ እቤቴ አንቺ ነበርኩ» አልኳት። ነገሩን ሳስረዳት ሳቀች። «እንግዲያው አሁን ተራሽ ነው፣ ብዪ» አለችኝ።

ምን አደረግሽ ብትሉኝ፣ ደመወዜን አልመለስኩም። ልጆቼን አስተምርበታለሁ፣ እናቴን እጦርበታለሁ። ሁለተኛው ኮንትራት ሲመጣ ግን አንድ አንቀጽ አስገባሁ፦ በሁለት ዓመት ውስጥ መደቡ ለአገሬው ባለሙያ እንዲተላለፍና ርክክቡ የሥራ አፈጻጸሜ መለኪያ እንዲሆን። አለቆቼ ትንሽ ገረማቸው፤ ራሷን የምታስወጣ ሠራተኛ የለመዱ አልነበሩም። ጊዜው ሲደርስ መደቡን አቴ ተረከበችው። ከዓመት በኋላ ጥላው ካናዳ ገባች። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ፊሊፒንስ የሚላክባት ብቻ ሳትሆን የምትልክም አገር ናት።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ልናገር። ባለቤቴ የመጣው በእኔ ቪዛ ጥገኛ ሆኖ ነው። ጥገኛ ቪዛ ያለራሱ የሥራ ፈቃድ አያሠራም። አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው ጠዋት ልጆች ሸኝቶ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይቀራል። ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ፣ ከደመወዙ በፊት ስለዚህ ተነጋገሩ። የመጀመሪያው ዓመት ለትዳራችን ከባድ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልዘረዝረውም፣ እሱም እዚሁ ተቀምጧል።

ቤት ስትከራዩ የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ትከፍላላችሁ። ከዚያ በላይ ለዓመቱ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ በየወሩ አንድ አንድ ፈርማችሁ ታስረክባላችሁ። እኛ አገር ደረቅ ቼክ የሚያሳስርበትን እያወቅኩ ያን ሁሉ ቼክ በአንድ ቀን ስፈርም እጄ ተንቀጠቀጠ። መሬት መግዛት ለውጭ ዜጋ አይፈቀድም። በዓመቱ መጀመሪያ ባሉት ስልሳ ቀናት ኢሚግሬሽን ቀርቦ ሪፖርት ማድረግ አለ። ጠቅልላችሁ ስትወጡም የመውጫ ክሊራንስ አለ፤ እሱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ለቤት ሥራ አጋዥ ስንቀጥር የሆነው ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ከቪሳያስ ደሴቶች የመጣች ናት። ስታናግረን ቆይታ ከቦርሳዋ ፎርም አወጣች፤ የሥራ ውል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የቤት ሠራተኞች ሕግ አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል። በቀን ቢያንስ ስምንት ሰዓት፣ በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ዕረፍት አላት። ዝቅተኛ ደመወዟ በየክልሉ ተወስኗል፤ ማኅበራዊ ዋስትናና የጤና መድን ይገባላታል፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የአሥራ ሦስተኛ ወር ደመወዝ አላት። ይህንን እያነበበች ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች። እኔ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ተቀምጬ እሰማለሁ።

አገራችን ውስጥ ይህ ወረቀት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን፣ 1156/2011ም ቢሆን፣ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታይ ብሎ አልፎታል። እዚህ ያለን ሁላችንም ቤት ሠራተኛ አለ። እንደ ልጃችን ነው የምናያት እንላለን፤ ልጅ ግን ውል የለውም፣ የዕረፍት ቀንም የለውም። የሕግ መምህራኖቻችን እዚህ ስላሉ ከዚህ በላይ አልሄድም።

ለበዓል ስመላለስ አውሮፕላን የምቀይረው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ነበር። ሌሊት ነው ሁልጊዜ። በአንድ በኩል ፊሊፒናዎች ይቀመጣሉ፣ በሌላ በኩል የኛ ልጆች። ሁለቱም ወደ ሰው ቤት ነው የሚሄዱት። ፊሊፒናዋ ፕላስቲክ ፋይል ይዛለች፤ በውስጡ መንግሥት ያጸደቀው ውሏ፣ የመድን ወረቀቷ፣ የመውጫ የምስክር ወረቀቷ፣ የሠራተኛ ቢሯቸው ስልክ። የመውጫ ወረቀቱን ካልያዘች ከማኒላ ኤርፖርት አያሳልፏትም። ከመውጣቷ በፊት ስለ መብቷና ስለምትሄድበት አገር ኦሬንቴሽን ወስዳለች። የቤት ሠራተኛ ከሆነች መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ከ400 ዶላር በታች እንዳትቀጠር ወስኖ ነበር። የኛዋ ደግሞ «እትዬ፣ አማርኛ ትችያለሽ? ይቺን ሙይልኝ» ብላ ፎርሙን ትሰጠኛለች። «የምትሄጂበት ቤት አድራሻ?» ስላት ደላላው የሰጣትን ስልክ ቁጥር ታሳየኛለች። አንድ ሌሊት ሰባት ፎርም ሞላሁ። ሰባቱም ላይ አድራሻ የሚለው ባዶ ቀረ።

ፊሊፒኖች ይህን ሥርዓት በነፃ አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የሠራተኛ ሕጋቸው ሰው መላክን የመንግሥት ሥራ አድርገው ጀመሩ። በመጋቢት 1995 ሲንጋፖር ውስጥ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል የቤት ሠራተኛቸው በስቅላት ስትቀጣ አገሩ በቁጣ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት የስደተኛ ሠራተኞችን ሕግ አወጡ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቋሙ። ዛሬ ከውጭ የሚላክላቸው ገንዘብ በዓመት ከ30 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ዋጋው ደግሞ በየመንደሩ በአያት እጅ የሚያድግ ልጅ ነው። የአቴ እህት ሪያድ ናት፤ ልጇ እናቱን የሚያውቃት በስልክ ነው። እህትየዋ እንጀራ መብላት የተማረችው አብራት ከምትሠራ ኢትዮጵያዊት እንደሆነ አቴ አጫውታኛለች። የእኛዋ ልጅ ስሟን ስጠይቅ አላወቀችውም።

እኛም ቁጣውን አላጣነውም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ዓረብ አገር የሚደረገው ጉዞ ታገደ፤ በዚያው ኅዳር ከሳዑዲ መመለስ ጀምረው በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ቦሌ ገቡ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ 923 ወጣ፤ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ፣ የ8ኛ ክፍል ትምህርትም ይጠይቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ ከነሱ ብዙ አንርቅም። ልዩነቱ ያቺ የቪሳያስ ልጅ ጣቷን እየጠቆመች ያነበበችልኝ ላይ ነው፤ ሕጉን ታውቀዋለች። የማውቀው ከየት ነው ስላት «ሰፈራችን ቢሮ ተነገረን» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

እንግዲህ ለማኅበሩ ቦርድ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ከእኛ ተመራቂዎች በየዓመቱ ብዙዎች ይወጣሉ፤ ወደ ዱባይ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ማኒላም። በዲግሪ የሚወጣውም ቢሆን ውሉን ሳያነብ ይፈርማል። ስንት ኮንትራት አይቻለሁ፤ የጡረታ መዋጮ ማን እንደሚከፍል የማይል፣ ሥራው ቢቋረጥ የመመለሻ ትኬት ማን እንደሚችል የማይል፣ የትዳር ጓደኛ ቪዛ «ይታያል» ብሎ የሚያልፍ። «ይታያል» የውል ቃል አይደለም። ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንድ የሕግ ምሩቅና ዶሃ ስምንት ዓመት የሠራ የሒሳብ ባለሙያ። ዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል ከሰጠን በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጠን ሊሄድ ከተዘጋጀ ሰው ጋር ውሉን መስመር በመስመር እናነባለን። በዲግሪ ለሚሄደው ብቻ አይደለም፤ እናንተ ቤት ያለችው ልጅ ፓስፖርት ማውጣት ከጀመረች ይዛችኋት ኑ። ክፍያ የለውም፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ ስለ ሩዝም ቢሆን።