ስሙ አንድ፥ ባይቱ ሁለት



«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። የዚህ ምሳሌ እውነት በፍርድ ሸንጎ ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር መዝገብም ይገኛል።

ከመተማ ማዶ፥ ጋላባትን አልፎ የሚገኘው የገዳሪፍ አገር የብዙ ሕዝብ መተላለፊያ ነው። በዚያም ኡም ራኩባ የሚባለው ስፍራ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ተቀብሎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜም እንደ ገና ተቀበለ። እንዲህ ባለ ስፍራ የተማሪ ስም መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። ወረቀቱን በመንገድ ለጣለ ልጅ፥ ስንተኛ ክፍል እንደ ነበረ የሚመሰክርለት መዝገቡ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሁለት መምህራን ይህን የመሰለ መዝገብ በጊት ያዙ ቢባል፥ የሚከተለው ሊደርስባቸው ይችላል። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው፥ የአንድን ጽሑፍ እትሞች ማንና መቼ እንደ ለወጣቸው እየመዘገበ የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። አንደኛው መምህር በሊኑክስ ኮምፒዩተር፥ ሁለተኛው በአሮጌ ማክ ይሠራሉ። ፋይሎቹም በየስፍራው ስም ተሰይመዋል፤ አንዱ በግዕዝ ፊደል «መተማ»፥ ሌላው በዐረብኛ ፊደል «ኡም ራኩባ»። በሊኑክሱ ሁሉም ሰላም ነው። በማኩ ላይ ግን ማንም ያልነካው የኡም ራኩባ ፋይል አዲስና ያልተመዘገበ ተብሎ ይቀርባል። መምህሩ አምኖ ቢመዘግበው፥ በሊኑክሱ ላይ ስማቸው ለዓይን ፍጹም አንድ የሆነ ሁለት ፋይሎች ይታያሉ። ከዚያ ወዲያ የልጁ ውጤት በአንዱ ይታረማል፥ በሌላው ሳይታረም ይቀራል።

ጥፋቱን በባልንጀራ ላይ መጣል ቀላል ነው። ብልህ መርማሪ ግን ከመክሰሱ በፊት ያነጻጽራል። የፋይሉን ይዘት ቢለውጥ ችግሩ አይጠፋም፤ እንግዲህ ምክንያቱ ከይዘቱ አይደለም። «መተማ» በዚያው ማክ ላይ ደኅና ነው፤ እንግዲህ ማሽኑ በጠቅላላው አልተበላሸም። የቀረው ስሙ ነው። ስሙም በዓይን መታየቱ ቀርቶ በባይት ሲቈጠር ምሥጢሩ ይገለጣል።

የኡም ራኩባ የመጀመሪያ ፊደል በዐረብኛ ሐምዛ የተጫነባት አሊፍ ናት። በዩኒኮድ ይህች ፊደል በሁለት መንገድ ትጻፋለች፤ እንደ አንድ አካል በ2 ባይት፥ ወይም አሊፍና ሐምዛ ተለያይተው በ4 ባይት። ኤችኤፍኤስ ፕላስ የተባለው የቀድሞው የማክ ፋይል ሥርዓት ስሞችን ለያይቶ ያስቀምጥ ነበር። ጊት ደግሞ ስምን የሚያውቀው በባይቱ ነውና፥ ለሰው አንድ የሆነውን ሁለት አድርጎ ቈጠረው። በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገቡት የግዕዝ ሆሄያት ግን እያንዳንዳቸው ሳይከፈሉ በ3 ባይት ይጻፋሉ፤ ስለዚህ «መተማ» ከዚህ መከራ ዳነ።

መድኃኒቱ በ2012 እ.ኤ.አ. በጊት 1.7.12 መጣ፤ ፕሪኮምፖዝ ዩኒኮድ የተባለው ማስተካከያ በማክ ላይ የተለያየውን ስም መልሶ ያጋጥማል። በ2017 እ.ኤ.አ. ለማክ የወጣው ኤፒኤፍኤስም ስሙን እንደ ተሰጠው ያኖራል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የተመዘገበውን መንትያ ፋይል አስተያይቶ ማዋሐድ የሰው ሥራ ነው።

ለተማሪ ሊነገር የሚገባውም ይኸው ነው፤ ሁለት ነገሮች ተመሳስለው ስለ ታዩ ብቻ አንድ ናቸው ብሎ መፍረድ አይገባም። በአንዲት ሐምዛ ምክንያት የአንድ ልጅ ድካም ተሰውሮ ሊቀር ይችላልና።