የደረጃ ሰነድ በምን ዓይነት ፋይል ይውጣ?



ገበያ ያለ ሚዛን፥ ሚዛንም ያለ ታመነ ልክ እንደማይቆም የታወቀ ነው። የቧንቧው ውፍረት፥ የኤሌክትሪክ ገመዱ አቅም፥ የዱቄቱ ንጽሕና በምን እንደሚለካ የሚወስነው ጽሑፍ ደረጃ ይባላል። በሱዳን ይህን ተግባር የያዘው በካርቱም የተቋቋመው የደረጃዎችና የሥነ ልክ ድርጅት ነው። ዳሩ ግን ደረጃው ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን፥ የተጻፈበትን ፋይል ማን ሊከፍተው እንደሚችልም መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ የሱዳን ታሪክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ማዕቀብ ስለ ጣለ፥ የአሜሪካን ሶፍትዌር ያለ ልዩ ፈቃድ ለሱዳን መሸጥ የተከለከለ ሆነ። ክልከላው ቀስ በቀስ እየላላ ቢሄድም፥ አብዛኛው የተነሣው በ2017 ነው። በአንድ ሻጭ መሣሪያ ብቻ የሚነበብ ፋይል ለእንዲህ ያለ አገር ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ግልጽ ነው። መሐንዲሱ ደረጃውን እንዲጠብቅ ይታዘዛል፤ ደረጃው የተቈለፈበት ሣጥን መክፈቻ ግን በባሕር ማዶ ሰው እጅ ይቀራል።

ክፍት ቅርጸት የሚባለው አሠራሩ በሙሉ ታትሞ፥ ማንም ባለሙያ መሣሪያ ሊሠራለት የሚችለው ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ኦዲኤፍን በ2006፥ ፒዲኤፍን በ2008 በደረጃነት አውጥቷል። ተግባራቸው ግን ይለያያል፤ ኦዲኤፍ ጽሑፍ ለማረም፥ ፒዲኤፍ ገጹ ሳይለወጥ ለማንበብ ይስማማል። ለማኅደር የተዘጋጀው ፒዲኤፍ ኤ በ2005 የወጣ ሲሆን፥ የፊደሉ ቅርጽ በፋይሉ ውስጥ እንዲካተት ያስገድዳል። ስለዚህ ሁለቱ ጐን ለጐን ቢቀመጡ፥ አንባቢው ፒዲኤፍ ኤውን፥ ነገ ደረጃውን የሚያሻሽለው ደግሞ ኦዲኤፉን ያገኛል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያንም ባዕድ አይደለም። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል በ1999 ከመቀበሉ በፊት፥ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ስንት ሰነድ በዚህ ምክንያት ሳይነበብ ቀረ!

የለመዱትን መሣሪያ መተው ድካምና ሥልጠና እንደሚጠይቅ አይካድም። ነገር ግን በ2023 ጦርነት በካርቱም ሲነሣ ብዙ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንደተበተኑ ልብ ይሏል። ክፍት ቅርጸት ፋይልን ከእሳት አያድንም፤ ቅጂው በሌላ ከተማ ከተረፈ ግን፥ የተረፈው ሰው በማንኛውም ኮምፒዩተር ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል። የሕዝብ ልክ የሕዝብ ሆኖ የሚኖረው በዚህ ዓይነት ነው።