ቤት የሚሠራው በብር ብቻ አይደለም
(በማራኪ ክፍለ ከተማ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ካቀረቡት ንግግር የተወሰደ)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ቤት ሠርቶ ማከራየትና የጊዜ አጠቃቀም» የሚል ነው። ሲነገረኝ ሳቅሁ። በስብሰባ ዘግይታ የምትመጣው ማን እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰብሳቢያችን ግን «ያጠፋሽውን ንገሪን፤ ከዚያ እንማራለን» አለችኝ። እኔም ያጠፋሁትን ይዤ መጥቻለሁ።

«ኢንቨስተር» የሚባለው ቃል ለእኛ የተነገረ አይመስለንም። ፎቅ ያለው፣ መኪና የሚነዳ ሰው ይመስለናል። ነገር ግን በግቢዋ ጥግ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርታ ለማታ ተማሪ፣ ለመምህር፣ ወይም ከወረዳ በሽተኛ ይዞ ወደ ሆስፒታል ለመጣ ሰው የምታከራይ ሴት ኢንቨስተር ናት። ገንዘቧን በቤት ላይ አውላ ገቢ ትጠብቃለች። ይህ ደግሞ በጎንደር ለሴት አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ላይ በተመዘገቡት የመሬት ውሎችም የሴት ገዢዎችና የሴት ሻጮች ስም ይገኛል። ስለዚህ ስለ ቤት ሥራ ስናወራ በሰው ቤት ገብተን አይደለም፤ በራሳችን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. ከቡድናችን ቁጠባ ስልሳ ሺህ ብር ተበድሬ ሁለት ክፍል ለመሥራት ተነሣሁ። ብሩ እጄ የገባው በሚያዝያ ነው። ብር እጅ ላይ ሲሆን ያቃጥላል፤ ወጪው ሳይበላብኝ ብዬ በዚያው ሳምንት መሠረት አስቆፈርኩ። ሲሚንቶውንም ዋጋ ሳይጨምር ብዬ በአንድ ጊዜ ገዝቼ በላስቲክ ሸፍኜ ግቢ አስቀመጥኩ። ግንቦት በድንጋይ ማመላለስ አለቀ። ግድግዳው ወገብ ላይ ሲደርስ ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሲጀምር የቀን ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ለእርሻ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ልጆቹ ገበሬዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ቀሪው ሲሚንቶ እርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆነ። ጣሪያው የለበሰው በሚቀጥለው ኅዳር ነው። ኪራይ ሳይገባ ብድሩን የከፈልኩት እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ይህ የብር ኪሳራ ነው፤ በብር ይመለሳል። የማይመለሰውን ልንገራችሁ። ያን ዓመት ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሠራተኛ የሚጠብቅ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ አሸዋ ሲራገፍ የሚቆጥር ሰው አልነበረኝም። እርሷን አስቀረኋት። «ዛሬ ብቻ» እያልኩ ነው ያስቀረኋት። ፈተናዋ ሰኔ ላይ ነበር። ውጤቱ አልበቃትም። በሚቀጥለው ዓመት በግል ልትፈተን ተመዘገበች፤ ኮቪድ መጣና የ2012 ፈተና እስከ 2013 ዘገየ። ኮሮናን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ሆኖም ያን የሚያዝያና የግንቦት ጠዋት የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ልጄ ዛሬ በሒሳብ ሥራ ተመርቃ እየሠራች ነው፤ «አልተቀየምኩሽም» ትለኛለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ጊዜ የለኝም» ስል የማንን ጊዜ እየወሰድኩ እንደሆነ መጀመሪያ እጠይቃለሁ።

ከዚህ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ተከራይ የሚገባው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ቀለምና መብራት፣ ከዚያ በፊት ልስን፣ ከዚያ በፊት ጣሪያ፣ ከዚያ በፊት ግድግዳ፣ ከዚያ በፊት መሠረት፣ ከዚያ በፊት ፈቃድ፣ ከሁሉ በፊት ብር። እንዲህ ስትቆጥሩ የመጀመሪያዋ ቀን የት ላይ እንደምትወድቅ ታያላችሁ። ክረምት ላይ ከወደቀች ብሩ ባንክ ይቀመጥ። የሊዝ ቦታ ያላችሁ ደግሞ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ በውላችሁ ላይ ተጽፏል፤ ቆጠራው ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። ተማሪ በመስከረም ይገባል ብላችሁም አትተማመኑ፤ ከኮቪድ ወዲህ የትምህርት ዘመኑ ሲዛባ አይተናል። ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከኮሌጁ ሬጅስትራር ጠይቃችሁ ቁጠሩ።

ሁለተኛው፣ የሥራ ቀንን በእውነት መቁጠር ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 30 ስምንት ወር፣ 240 ቀን ነው። እሑዶቹ ወደ 34 ናቸው። ግንበኛችሁ በየወሩ 12ን፣ 19ን፣ 21ን፣ 23ን፣ 27ን፣ 29ን የሚያከብር ከሆነ፣ እሑድ የሚውሉት ሲቀነሱ ወደ 41 ቀን ይሄዳል። ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለትና የትንሣኤ ሳምንት ሲጨመሩ ሌላ 10 ቀን ያህል። የቀረው 155 ነው። ስምንት ወር ያልነው አምስት ወር ሆነ ማለት ነው። ሙስሊም ግንበኛ ያላችሁም ዓርብ ከሰዓትንና ኢዶቹን ቁጠሩ። በዓል ይቅር እያልኩ አይደለም፤ እኔም አከብራለሁ። በበዓል ቀን ሠራተኛ አልመጣም ብሎ መናደድ ግን የቆጠራ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው፣ የማይቸኮልበትን ነገር ማወቅ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚለካው በ28 ቀን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ አሁን ኮንክሪት የማስሞላው ውሃችን በሚመጣበት ቀን ማግስት ነው፤ በርሜሉ ሁሉ ሞልቶ ይጠብቃል። የጭቃ ቤት የምትሠሩም ብትሆኑ ጭድ በብዛት የሚገኘው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው ቢደረብ ይሰነጠቃል። ታኅሣሥና ጥር ፀሐይም ጭድም አላቸው።

አራተኛው፣ ሳምንቴን በደብተር መጻፍ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ሥራው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። አንድ ሳምንት እያንዳንዷ ሰዓት የት እንደሄደች በልጄ አሮጌ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሦስት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ አራት ተከራዮቼ በአራት የተለያየ ቀን ይከፍላሉ፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ። ወር በገባ በ5ኛው ቀን ሁሉም በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲከፍሉ ተስማማን። ሁለተኛ፣ ለአንድ ጉዳይ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሁለቱ ባለሙያው ስላልነበሩ፣ ሁለቱ ግን እኔ ኮፒና ፎቶግራፍ ሳልይዝ ስለሄድኩ ነው። አሁን የካርታዬ፣ የመታወቂያዬና የግብር ደረሰኜ ኮፒ በአንድ ፌስታል በር ላይ ተሰቅሏል፤ ከጠዋቱ 2፡30 ቢሮ ደጃፍ ላይ ነኝ። ሦስተኛ፣ የተበላሸ ቧንቧና የተቃጠለ አምፖል በመጣ ቁጥር እሮጥ ነበር። አሁን ውሃ ካላፈሰሰ ወይም መብራት ካላሰጋ በቀር ጥገና ሁሉ በአንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ነው።

አምስተኛው፣ ሕጉ ራሱ ጊዜ እንደሚቆጥብ ማወቅ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል። በከተማችን እንዴት እንደሚፈጸም ክፍለ ከተማውን ጠይቁ። ብዙ አከራይ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። ተከራይ በወጣ ቁጥር ቤቱ ባዶ ይቀመጣል፣ ደላላ ይከፈላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሰው ሲመጣ ሲሄድ በር ስከፍት እውላለሁ። ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰላማዊ ተከራይ በየስድስት ወሩ ትንሽ ከሚጨምር ተከራይ ይሻለኛል። የግብር ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ደረሰኝ በየወሩ የምታስቀምጥ ሴት በሐምሌ አትጨነቅም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ቡናውን እንተው? እድሩን እንተው?» ትሉኝ ይሆናል። በደብተሬ ላይ ቡና ብዙ ሰዓት ወስዶ አየሁት፤ ልቀንሰው ነበር። ቆየት ብዬ ሳስብ ያ ታማኝ ግንበኛ የተገኘው በቡና ላይ ነው። በዚያ ኅዳር ቆርቆሮ ሲመታ ለሠራተኛ ምሳ ይዘው የመጡት የእድር ጓደኞቼ ናቸው። ቡናውን አልተውኩም። የተውኩት ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉን ብቻዬን መሥራት። ባለቤቴና ወንዱ ልጄ አሁን ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተራ አላቸው። መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። ደብተሩን አሳየኋቸው፤ የእኔ መስመር እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሄድ የእነርሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም።

በመጨረሻ ለማኅበራችንና ለደጋፊዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ብድሩ ይጨመር አልልም። የሚሰጥበት ወር ይታሰብ ነው የምለው። የቤት ሥራ ብድር በሚያዝያ ሲሰጥ ሴቲቱን ወደ ዝናብ እየላክናት ነው። የእናንተም በጀት የሚዘጋበት ወር እንዳለው ይገባኛል። ብሩ በዚያ ጊዜ ቢለቀቅ እንኳ በማኅበሩ ሒሳብ ይቆይና ለግንባታ የሚሆነው በመስከረም መጨረሻ ይከፋፈል። ክፍያውም ጣሪያው ለብሶ ተከራይ ከገባ በኋላ ቢጀመር ማንም ሴት እንደኔ እንጀራ ጋግራ የባዶ ቤት ብድር አትከፍልም። ብሩ ያው ብር ነው፤ ወሩ ሲቀየር ግን ቤት ይሆናል።

እናንተም እኅቶቼ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ አሮጌ ደብተር ፈልጉ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ጻፉ። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለእርሷም አንድ መስመር አስምሩላት። ጥናት የሚለው ሰዓት ስንት እንደሆነ እዩ። ከቤቱም ከኪራዩም በፊት እርሱ ይጠበቅ።

ዛሬ ደግሞ በሰዓቱ ጨርሻለሁ፤ ሰብሳቢያችን ትመስክርልኝ።