ያልተጨበጨበላቸው ሙዚቀኞች
(በመካነ ሰላም ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ ታወቁት ዘፋኞች ለመናገር አይደለም። እነርሱንማ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ ሳንፈልግም እንሰማቸዋለን። የኔ ጉዳይ አዲስ መንገድ ስለ ሞከሩና በዚሁ ምክንያት ከገዛ ወገናቸው ጭብጨባ ስለ ተነፈጉ ሙዚቀኞች ነው።

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። በዚህ እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅኝት እንደ እርሻ ነው፤ ካላረሱት ዳዋ ይውጠዋል። አባቶቻችን ባቆዩት ማሳ ላይ አዲስ ዘር የሚዘራ ሰው ሲመጣ «ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጩኸት ነው?» ብለን ፊታችንን የምናዞር ከሆነ ኩራታችን ከንቱ ነው።

ከቅርባችን ልጀምር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ኋላም ዓለምን ንቀው መንነው የገቡት እዚሁ በወሎ፣ በአምባሰል በምትገኘው በግሸን ማርያም ነው፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። የብዙው ዓለም ጆሮ ግን የደረሳቸው በ2006 ሥራቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሣይ ተከታታይ እትም ከወጣ በኋላ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ፒያኖአቸውን ስትሰሙ ምቱ እንደ ሰው ትንፋሽ ሲፈጥንና ሲዘገይ ታገኙታላችሁ፤ ቅኝቱ የኛው ነው፣ እጁ የአውሮፓን ትምህርት ያውቃል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ግሸንን ከምንሳለመው መካከል ይህን ፒያኖ የሰማን ስንቶቻችን ነን?

ሁለተኛው ጌታቸው መኩሪያ ናቸው፤ በ1935 በይፋት ተወልደው በ2016 አረፉ። ሽለላን ከፎካሪው አንደበት ወስደው በሳክስፎን አስጮኹት። ዜማው ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል፣ ይሰበራል። ይህ ለጆሮአችሁ እንግዳ ከሆነባችሁ፣ በሠርግ ወይም በደቦ ላይ ደሙ የፈላ ሸላይ ከመካከል ዘሎ ሲወጣ አስቡ፤ ያን ጊዜ ሳክስፎኑ የሚናገረው አማርኛ ይገባችኋል። ሰባ ዓመት ከሞላቸው በኋላ እንኳ አልደከሙም፤ በ2006 «ዚ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። ያ ባንድ በሸካራ ጊታር የታወቀ ነው፤ ከሽለላ ጋር ግን እንደ ዘመድ ተግባቡ።

ሦስተኛው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በአሜሪካ ከቀሩ በኋላ በ1985 ለብቻቸው ሆነው አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር አዋሕደው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። ካሴቱ ተረሳ፤ እርሳቸውም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ብዙ ዓመት አሳለፉ። በመጨረሻ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ከወዲያ ከዐባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። እነሆ ሽማግሌው ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ። ካሴቱ የተገኘው በኛው ገበያ፣ ያነሣው ግን የባዕድ እጅ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ዛሬም በሥራ ላይ ያሉትን አንርሳ። «ቋንቋ» የተባለው የአዲስ አበባ ባንድ፣ አንዲት አሜሪካዊት የቫዮሊን ተጫዋች ከኢትዮጵያውያን ጋር የመሠረተችው፣ የእንድሪስ ሐሰንን ማሲንቆ ከቫዮሊን፣ ከክራርና ከከበሮ ጋር ያፋጥጣል። እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ደግሞ የአገር ቤት ድምፅን በኮምፒዩተር እየቆራረጡ ሌላ ዓለም ይሠራሉ፤ ከሚካኤል በ2016 የወጣውን «ዘላለም» አስቀድማችሁ ስሙ።

«ይህ ሁሉ አይዘፈንበት፣ አይጨፈርበት፤ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው አይታጣም። መልሴ አጭር ነው፤ እስክስታ የሚመታበት ሙዚቃ ትከሻን ያነቃል፣ ይህኛው ጆሮን ያነቃል። አንድ ጊዜ ሰምታችሁ አትፍረዱ። መጀመሪያ ምቱን፣ ቀጥሎ ቅኝቱን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ የተጣሉበትን ቦታ ፈልጉ።

ጆሮአችን ከነቃ በኋላ በዙሪያችን ያለውን እንሰማለን። በቦረናና በሳይንት ተራራ እረኛው የሚነፋው ዋሽንት፣ ከሠርግ ሠርግ የሚዞረው አዝማሪ፣ በየመንደሩ በድቤ የሚታጀበው መንዙማ፣ እነዚህ ሁሉ ኢትዮፒክስ ያልደረሰላቸው ሊቃውንት ናቸው። መንዙማ አምልኮ እንጂ ጨዋታ ስላልሆነ፣ በትሕትናና በባለቤቶቹ ፈቃድ ብቻ እንቅረበው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲወስን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየወሩ አንድ የቅዳሜ ምሽት ለማዳመጥ ብቻ ይሰጥ፤ እያንዳንዱ አባል ሌላው ያልሰማውን አንድ ሥራ ይዞ ይምጣ። ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በኪሳችን ባለው ስልክ አንድ አንድ ተጫዋች ፈቃዱን ጠይቀን እንቅዳ፤ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቅኝቱንና ቀኑን እንጻፍ። ለድካሙም እንክፈለው፤ ምስጋና ብቻ የማሲንቆ ጭራ አይገዛም።

የኃይሉ መርጊያ ካሴት ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቋል። የሰማንያ ዓመቱ ዋሽንት ነፊ ግን ያን ያህል ሊጠብቀን አይችልም።